ለአሶሳው ቤዝ ተጫዋች፦ አምፕ ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ለቤዝ አምፕ ገንዘብ እያጠራቀምክ መሆንህን ስሰማ ደስ አለኝ። ቤዝ ጊታር ኖሮት አምፕ የሌለው ልጅ የሚጫወተውን ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው፤ ራሱን በደንብ ያልሰማ ደግሞ እጁን አያርምም። አሶሳ ሆነህ ስትገዛ ግን ስሌትህ ከአዲስ አበባው ልጅ ስሌት ይለያል። በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀህ ነው ያለኸው፤ ዕቃው አልሆነኝም ብለህ በማግስቱ የምትመልስበት ሱቅ ጎረቤትህ አይደለም። የምትለማመድበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሥራ ስትጠራም አንድ ሳምንት የሆቴል አዳራሽ፣ ሌላ ሳምንት የሠርግ ዳስ፣ እሑድ ደግሞ የመዘምራን መድረክ ይጠብቅሃል። ስለዚህ የማውቀውን በተራ ቁጥር ጻፍኩልህ። ነጥቦቹ እኩል ክብደት የላቸውም፤ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ሁለት ጊዜ አንብባቸው።

1. ሱቅ ከመግባትህ በፊት ጆሮህን አዘጋጅ።

ምን ዓይነት ድምፅ እንደምትፈልግ ሳታውቅ ከገባህ ሻጩ የተረፈውን ይሸጥልሃል። ጥሩ ዝቅተኛ ድምፅ ምን እንደሆነ ለመማር ደግሞ ከአሶሳ መውጣት አያስፈልግህም። የበርታ ዋዛ ሲነፋ ጠጋ ብለህ አድምጥ። ዋዛ ቅል ከቅል ጋር እየተቀጠለ የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ነፊዎቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ ተራው ሲደርስ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ድምር ነው። ዝቅተኛውን ድምፅ የያዘው ረጅሙ ዋዛ ዘግይቶ ቢገባ ወይም ከልኩ በላይ ቢጎትት የሌሎቹ ሁሉ ሥራ ይበላሻል። አንተም በባንድ ውስጥ ያለህ ቦታ ይኸው ነው።

ከዚያ ሄድፎን አድርገህ የአገራችንን ቤዚስቶች ስማ። አይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አህመድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በሠራው «ኧረ መላ መላ» ላይ ጆቫኒ ሪኮን፣ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው «ቸ በለው» ላይ መላከ ገብሬን ፈልገህ አግኛቸው። ቤዛቸው ወፍራም ነው፤ ግን እያንዳንዱ ኖታ የት ተነሥቶ የት እንዳበቃ ትለያለህ። ችክችካ ላይ ይህ ግዴታ ነው። ምቱ ፈጣን ስለሆነ ኖታው ካልተቆረጠ ቀጣዩ በላዩ ይደርሳል፤ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አምፕ ስትመርጥ «ያንቀጠቅጣል ወይ?» ብለህ አትጀምር፤ «ኖታዎቼን ለይቶ ያሰማኛል ወይ?» ብለህ ጀምር።

2. ለስቱዲዮ ብለህ ትልቅ አምፕ አትግዛ።

ብዙ ወጣቶች ለቀረጻ ግዙፍ ዕቃ የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል። ጉዳዩ ተቃራኒው ነው። አብዛኛው የቤዝ ቀረጻ ጊታሩን ድምፁን ለሚክሰር በምታስማማው ትንሽ ሳጥን፣ በዲ.አይ. ቦክስ፣ በኩል ወደ ሚክሰሩ ወይም ወደ ኮምፒውተሩ በማስገባት የሚሠራ ነው። በሞታውን ስቱዲዮ ዓለምን ያስጨፈሩትን ቤዞች የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን መድረክ ላይ የአምፔግ አምፕ ይጠቀም ነበር፤ ስቱዲዮ ውስጥ ግን ቤዙ በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ነበር የሚገባው። አሶሳም ሆነ አዲስ አበባ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የተሠራ ስቱዲዮ ይህንኑ ነው የሚያደርገው። የስቱዲዮ ልምምድ ከአምፕህ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ዝቅ ሲል የማይደበዝዝ ድምፅ፣ ምንም ሳትጫወት እምምም የማይል ጸጥታ፣ እና ወደ ሚክሰር የሚወጣ ጥሩ መስመር። ትልቅነት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

3. በዋት አትታለል።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ነው፤ ሻጩም የሚጠራልህ እሱን ነው። 100 ዋት የ50 ዋት እጥፍ ስለሆነ እጥፍ የሚጮህ ይመስልሃል። አይጮህም። ዋት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም በጆሮ ሲሰማ ትንሽ ከፍ ማለት ነው። ሰው «አሁን እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ከ50 ወደ 100 ዋት ለመሻገር ብዙ ሺህ ብር ከመጨመርህ በፊት ይህን አስታውስ።

ከዋቱ እኩል፣ አንዳንዴም በበለጠ፣ የሚወስነው የስፒከሩ ትብነት ነው። አንድ ስፒከር አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ዴሲቤል ያወጣል? አንዱ 93፣ ሌላው 99 ሊያወጣ ይችላል። ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ከአራት እጥፍ ዋት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ባለ 99ኙን ስፒከር የያዘ 50 ዋት፣ ባለ 93ቱን ከያዘ 200 ዋት ጋር እኩል ሊጮህ ይችላል። ይህ ቁጥር በመመሪያው ወረቀት ላይ ካለ ፈልገው፤ ከሌለ ጆሮህን እመን።

ታዲያ ዋት ጨርሶ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጆሯችን ዝቅተኛ ድምፅን የሚሰማው ከመካከለኛው ይልቅ በጣም ደክሞ ነው፤ ስለዚህ ቤዝ ከጊታር ጋር እኩል እንዲሰማ ከጊታሩ ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። 30 ዋት የጊታር አምፕ ከድራም ጋር ሲወዳደር ይዘልቃል፤ 30 ዋት የቤዝ አምፕ ግን ድራመሩ ዱላውን እንዳነሣ ይጠፋል። የኔ ልክ ይህ ነው፦ ብቻህን ቤትህ ውስጥ ከሆነ ከ20 እስከ 40 ዋት ይበቃሃል። ድራም ካለበት ባንድ ጋር በትንሽ አዳራሽ ለመሥራት ከ100 ዋት አትውረድ። ከዚያ በላይ ያለውን ለአዳራሹ ድምፅ ማጉያ፣ ለሞንታርቦው፣ ተውለት፤ ለምን እንደሆነ በስድስተኛው እነግርሃለሁ።

4. ስፒከሩንና ሳጥኑን እየው።

የቤዝህ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ካለህ ቢው ወደ 31 ይወርዳል። የተራ ጊታር ወፍራም ክር 82 ነው፤ ያንተ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ለማውጣት ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት። ባለ 8 ኢንች ስፒከር ለልምምድ ይሆናል፤ ባንድ ውስጥ ግን ሲያስገድዱት ይንኮሻኮሻል። ባለ 10 ኢንች ፈጣንና ጥርት ያለ ነው። ባለ 15 ኢንች ወፍራም ነው፤ ሳጥኑ ግን ያስቸግራል። ለአንተ፣ አንድ አምፕ ብቻ ገዝተህ ለቤትም ለሥራም ለምትጠቀምበት፣ ባለ 12 ኢንቹን እመርጣለሁ። ዝቅተኛውን ይይዛል፤ ጣትህ ክሩን ሲነካ የሚሰማውንም ጫፍ አይደብቅም።

ቤዝህን በጊታር አምፕ አትሰካ። አምፑ በዝቅተኛ ድምፅ ለጊዜው የሚሠራ ይመስልሃል፤ ከፍ ስታደርገው ግን የስፒከሩ ወረቀት ከልኩ በላይ እየተገፋ ይቀደዳል። በዚህ ነገር ላይ ታሪኩ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ሊዮ ፌንደር የኤሌክትሪክ ቤዙን እ.ኤ.አ. በ1951 ካወጣ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ለዚያው ቤዝ «ቤዝማን» የተባለውን አምፕ ሠራ። አምፑን ከፍ ሲያደርጉት ድምፁ ይሰነጣጠቅ ነበርና ጊታሪስቶች ወደዱት፤ እንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ማርሻል አምፕ ሲሠራም የተወሰደው ከቤዝማኑ ንድፍ ነው። ለጊታሪስት ውበት የሆነው መሰነጣጠቅ ለቤዚስት ብዙውን ጊዜ ጭንቀት ነው። እኛ የምንፈልገው ገና ብዙ አቅም እያለው በግማሽ ድካም የሚሠራ አምፕ ነው።

የኪቦርድ አምፕ ግን ሌላ ነገር ነው። ኪቦርድ ከታች እስከ ላይ ሁሉንም ድምፅ ስለሚያወጣ አምፑም ሰፊ ነው፤ ለቤዝ ይሆናል። ከባንድህ ኪቦርዲስቱ አምፑን የሚያውስህ ከሆነ ሳትፈራ ተጠቀምበት፤ ድምፁን ግን በቀስታ ክፈት። ቤዝ ክራር የሚጫወት ጓደኛ ካለህም ያንተ አምፕ ለእሱ ይሠራል።

ሳጥኑ ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ከሆነ ቀለል ያለና ጠንካራ ነው። ቺፑድ ከሆነ ይከብዳል፤ ውኃ ከነካው ደግሞ አብጦ ይፈራርሳል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኋላውን ክዳን ወይም የቀዳዳውን ጠርዝ አየት ብታደርግ የትኛው እንደሆነ ትለያለህ።

5. ከኋላ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ሳታነብ ገንዘብ አትክፈል።

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እናገራለሁ፤ ብዙ አምፕ የሚሞተው እዚህ ነውና። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ አምፕ ብዙውን ጊዜ ለ120 ብቻ የተሠራ ነው። ሶኬት መለወጫ ገጥመህ ግድግዳው ላይ ስትሰካው መለወጫው የሚለውጠው የእግሩን ቅርፅ ብቻ ነው፤ ቮልቱን አይነካም። ዕድለኛ ከሆንክ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ካልሆንክ አምፑ ራሱ በሰከንዶች ውስጥ ይጨሳል።

ከኤሌክትሪክ ገመዱ መግቢያ አጠገብ የተጻፈውን አንብብ። «100–240» የሚል ከሆነ የትም ይሠራል። «220–240» ወይም «230» የሚል ከሆነ ለኛ ነው። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ትራንስፎርመሩ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው የአምፑ ፍጆታ ቢያንስ እጥፍ የሚችል ይሁን፤ አምፕ ኃይል የሚስበው እኩል በእኩል ሳይሆን ኖታ በተመታ ቁጥር ነውና። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ከባድ አሮጌ አምፕ በ50 ኸርዝ ላይ የበለጠ ይሞቃል። የዚህ ሁሉ ወጪ ሲደመር ከአሜሪካ የመጣው ርካሽ አምፕ ርካሽ ላይሆን ይችላል። ዘመድህ ገና ካልገዛ አሁኑኑ ደውለህ ቮልቱን ንገረው።

ሁለተኛው ነገር የመብራቱ መዋዠቅ ነው። የሕዳሴው ግድብ በዚሁ በክልላችን፣ ጉባ ላይ ነው ያለው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን በተርባይኑና በሶኬትህ መካከል ብዙ ማከፋፈያ፣ ብዙ ትራንስፎርመርና ረጅም ሽቦ አለ፤ የሰፈር መስመር ሲጫንበት ቮልቱ ይወርዳል፣ ሲለቀቅ ያሻቅባል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያዋ ቅጽበት አደገኛዋ ናት። ስለዚህ ስቴብላይዘር ግዛ። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀው ዓይነት ለአንተም ጥሩ ነው። ለ100 ዋት አምፕ አንድ ሺህ ቪኤ በቂ ነው። መብራት ሲሄድ አምፑን አጥፋ፣ ሶኬቱንም ንቀል። ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ስቴብላይዘር አለኝ ብለህ አትተማመን፤ ሁሉንም ንቀል።

ሠርግ ላይ ጀነሬተር ካለ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ጀነሬተሩ ይነሣ፣ ይረጋጋ፣ ከዚያ አምፕህን አብራ። ነዳጅ ሊያልቅ ሲል ሞተሩ መወላከፍ ይጀምራል፤ እሱን ስትሰማ ዘፈኑ አላለቀም ብለህ አትጠብቅ፤ አምፑን አጥፋው።

የግራውንድ እግሩን ደግሞ እንዳትቆርጥ። አምፑ እምምም ሲል አንዳንድ ሰው «ሦስተኛውን እግር ንቀለው፣ ይጠፋል» ይልሃል። ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ብልሽት ቢፈጠር መብራቱ የሚሄደው በቤዝህ ክር በኩል ወደ እጅህ ነው። በተለይ ማይክ እየነካህ የምትዘፍን ከሆነ ይህ ሰውን ይገድላል። ልጄ፣ በዚህ ጉዳይ ማንንም አትስማ።

6. የሚወጣው መስመር ከሚገባው ይበልጣል።

በትንሽ አዳራሽ ያንተ አምፕ ሕዝቡን ሁሉ መሙላት የለበትም። አምፑ ለአንተና ለድራመሩ ነው፤ ሕዝቡን የሚሞላው ሞንታርቦው ነው። ይህ እንዲሆን አምፑ በስተኋላው ባለ ሦስት ቀዳዳውን የኤክስ.ኤል.አር. መውጫ የያዘ መሆን አለበት። አንድ የማይክ ገመድ ከዚያ ወደ ሚክሰሩ ይዘረጋል፤ ሥራህ አለቀ። 100 ዋት ያለው አምፕ በዚህ መንገድ አምስት መቶ ሰው ያለበት ዳስ ውስጥ ይሠራል፤ ያ መውጫ የሌለው 300 ዋት ግን ከፊት ያሉትን አደንቁሮ ከኋላ ላሉት አይደርስም። እኔ ከሁለት አምፖች አንዱን ምረጥ ብባል፣ ዋቱ ቢያንስም መውጫ ያለውን እወስዳለሁ።

«ግራውንድ ሊፍት» የምትል ትንሽ ማብሪያ ከመውጫው አጠገብ ካለች መልካም ነው። በሚክሰሩና በአምፑ መካከል የሚፈጠረውን እምምታ የምታስቆመው እሷ ናት፤ የሚቋረጠው የድምፅ ገመዱ ግራውንድ ብቻ ስለሆነ አደጋ የለውም። ሌላም ማብሪያ ሊኖር ይችላል፤ የሚክሰሩ ድምፅ ከቶን ቁልፎቹ በፊት ወይስ በኋላ ይነሣ የሚለውን የምትወስን ናት። በፊት አድርጋት። አንተ መድረክ ላይ ቤዙን ብትጨምር ብትቀንስ የሳውንድ ማኑን ሥራ አትረብሽም።

የሄድፎን ቀዳዳና ከስልክህ ሙዚቃ የምታስገባበት ቀዳዳም ይኑሩት። ሌሊት ጎረቤት ሳትቀሰቅስ ከመላከ ገብሬ ጋር አብረህ ትጫወታለህ። ቁልፍ መቁጠር ግን ተው። ሃምሳ ዓይነት ድምፅ አለው የሚሉህ አምፕ ውስጥ የምትጠቀምበት አንዱን ነው።

አምፕ በሌለበት ቦታ ቤዝህን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ መሰካት ሲኖርብህ፣ በተለይ ባትሪ የሌለው ቤዝ ከሆነ፣ ድምፁ ደብዝዞና ቀጥኖ ይወጣል። የሚክሰሩ መግቢያ ለቤዝ የተሠራ ስላልሆነ ነው። አንዲት ዲ.አይ. ቦክስ በመካከል ስትገባ ይስተካከላል። በቦርሳህ ትኑር።

7. ከባጃጅ ጋር ይስማማ።

በአንድ እጅህ አንሥተህ በሌላው ቤዝህን ይዘህ መቶ እርምጃ መሄድ የማትችለውን አምፕ አትግዛ። አምፔግ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ኤስ.ቪ.ቲ.፣ 300 ዋት ከስምንት ስፒከር ጋር፣ የስታዲየም ዕቃ ነው፤ የሚሸከሙ ሠራተኞች ላሏቸው ነው የተሠራው። ዛሬ ክላስ ዲ የሚባለው አሠራር አምፖችን አቅልሏቸዋል፤ 100 ዋት ባለ 12 ኢንች ሆኖ ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ይገኛል። አሮጌ፣ ከባድና ርካሽ ዕቃ ሲያቀርቡልህ ለአንድ ዓመት የባጃጅና የሸክም ክፍያውን ጨምረህ አስላ።

8. ክፍልህን ሳታውቅ አምፑን አትውቀስ።

ግድግዳና ግድግዳው በ4 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ እያንጓጓ ያጎላዋል፤ ይህ ከባዶው ኢ ክርህ ጎን ነው። 3 ሜትር ከሆነ የሚጎላው 57 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ኤ ክርህ አጠገብ። ስለዚህ ቤትህ ውስጥ አንድ ኖታ ብቻ እየዘለለ የሚወጣብህ ከሆነ ክፍሉ ነው። አምፑን ከማዕዘን አውጣው፤ ማዕዘን ዝቅተኛውን ድምፅ ሁሉ ያበዛል። ከመሬት ወንበር በምታህል ከፍታ አንሣውና ወደ ጆሮህ አዘንብለው። ያኔ ግማሹ ጉርምርምታ ይጠፋል፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገህም ራስህን ትሰማለህ። ቆርቆሮው ከተንቀጠቀጠ የላላውን ምስማር ፈልገህ አጥብቅ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሜዳ ላይ ስትወጣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። የሚያጎላ ግድግዳ የለም፤ የ41 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው፤ ክፍት ቦታ ላይ ተበትኖ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ያስጨነቀህ አምፕ ሜዳ ላይ የሞተ ይመስላል። በዚህ ጊዜ የቤዝ ቁልፉን እስከ መጨረሻ አታዙረው፤ ስፒከሩን ታደክመዋለህ እንጂ የትም አይደርስልህም። መካከለኛውን ድምፅ ትንሽ ጨምር፤ ሰው ቤዝህን የሚለየው በእሱ ነው። ቀሪውን ሞንታርቦው ይሥራው።

ከዋዛ ነፊዎች ወይም ከባሕል ቡድን ጋር ስትጫወት ቲዩነርህን ዝጋና ቤዝህን ከእነሱ ጋር አስተካክል። ቅሉ ከተቆረጠ በኋላ አይላላም፣ አይጠበቅም፤ ያንተ ክር ግን ይላላል። ድምፅህም ከረጅሙ ዋዛ በታች ይሁን። በአምፕ ያንን ድምፅ መሸፈን ነውር ነው።

9. ያገለገለ ስትገዛ በጆሮም በእጅም መርምር።

የራስህን ቤዝና የራስህን ገመድ ይዘህ ሂድ። ቶኖቹን ሁሉ መሃል ላይ አድርግ። መጀመሪያ ምንም ሳትጫወት ድምፁን ግማሽ ክፈትና አድምጥ፤ እምምታው ከፍ ያለ ከሆነ ተወው። ከዚያ ከባዶው ኢ ጀምረህ እያንዳንዱን ፍሬት በዝግታ እስከ ላይ ውጣ፤ አንዱ ኖታ ላይ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ወይ ብሎን ላልቷል ወይ ስፒከሩ ተጎድቷል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዙር፤ ቸርርር የሚሉ ከሆነ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ስፒከሩ ከታየህ በሁለት እጅ ጣቶችህን እኩል አድርገህ ወረቀቱን በቀስታ ግፋው፤ ሲመለስ የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ሽቦው ተጣሟል ወይም ተቃጥሏል። አፍንጫህንም ተጠቀም፤ የተቃጠለ ሽታ በቀላሉ አይለቅም። የሙቀት ችግር የሚታየው ቆይቶ ስለሆነ አምፑን ሳታጠፋ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወት። ሻጩ ከተቻኮለ ያ ራሱ መልስ ነው።

ስፒከሩ ተቀይሮ ከሆነ ኦሙን ጠይቅ። አምፑ 8 ኦም ከሚል በ4 ኦም ስፒከር አይሠራ፤ ከሚችለው በላይ ይሳባል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል።

10. ከምስጥና ከእርጥበት አርቀው።

መሬት ላይ አታሳድረው። እኛ አገር ምስጥ ለእንጨት ምን እንደሚያደርግ ልነግርህ አያስፈልግም። ክረምት ላይ በጨርቅ ሸፍነው፤ ላስቲክ ግን አታልብሰው፤ እርጥበቱን ውስጡ ያቆያል።

11. ስም ጥራልኝ ካልከኝ።

ለሥራም ለልምምድም አንድ ብቻ ከሆነ የምትገዛው፣ የፌንደር ረምብል 100 ወይም የአምፔግ ሮኬት ቤዝ አር.ቢ. 112 ፈልግ። ሁለቱም 100 ዋት፣ ሁለቱም ባለ 12 ኢንች ናቸው። ገንዘቡ ካልደረሰ ባለ 10 ኢንቹ ረምብል 40 አለ፤ እሱም ወደ ሚክሰር የሚሄደው መውጫ አለው፤ በሞንታርቦ ታግዘህ ትሠራበታለህ። ትንሹ ረምብል 25 ግን ያ መውጫ የለውም፤ ለቤት ብቻ ነው። መብራት በሌለበት ለመለማመድ የሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ቤዝ አር.ኤክስ. በስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ከባንድ ጋር ግን አይወጣም። ሁሉም በየአገሩ ቮልት ተለይተው ሊሸጡ ስለሚችሉ አምስተኛውን ነጥብ አትርሳ። ሌላ ስም ያለው ዕቃ ካገኘህም አትናቀው፤ ከላይ ባልኩህ ፈትነው፤ ካለፈ ግዛው።

12. ገንዘቡን እንዲህ ክፈለው።

ያለህን ሁሉ አምፑ ላይ አታፍስስ። ከእሱ ቀንሰህ ስቴብላይዘር፣ ሁለት ጥሩ ገመድ፣ ዲ.አይ. ቦክስና የጆሮ መከላከያ ግዛ። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮህ የሚችለው ሰዓት በግማሽ ያጥራል። ሠርግ ደግሞ ረጅም ነው። የተጎዳ ጆሮ አይጠገንም፤ አምፕ ግን ይጠገናል።

ለባለ 12 ኢንቹ ገንዘብህ ገና ካልሞላ፣ ተቻኩለህ መውጫ የሌለውን ትንሽ አምፕ አትግዛ። ሄድፎንና አነስተኛ የሄድፎን ማጉያ ይዘህ ሌላ ጥቂት ወር ተለማመድ፤ ሥራ ሲመጣ በዲ.አይ. ቦክስ ሞንታርቦው ላይ ተሰካ። ከዚያ አንዴ ግዛ፣ ትክክለኛውን ግዛ። ከመክፈልህ በፊት ግን የኋላ ሰሌዳውን በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ቮልቱን እኔም ልይልህ።